ብርድ የገባው ሰው «ደህና ነኝ» ነው የሚለው

(ከክለባችን የመጀመሪያው የበረዶ ጉዞ በፊት በነበረው ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው፣ ከሞላ ጎደል እንዳለ ነው የተጻፈው)

እንደምን አመሻችሁ! እንደምን አመሻችሁ ውድ የክለባችን አባላት፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ በእድሜ የምትበልጡን ታላላቆቻችን፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችሁ አዲሶችም እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ ኑ ተቀመጡ፣ አትፍሩ ጥያቄ አልጠይቅም፣ ኧረ እጠይቃለሁ እንጂ፣ ግን ማርክ የለውም።

እሺ። የፊታችን ቅዳሜ በረዶ ላይ ነን። ትንበያውን ያያችሁ ታውቃላችሁ፣ ከተራራው ወገብ ጀምሮ ወደላይ በሙሉ ነጭ ነው፣ ንፋስም አለ። ያንኑ ተራራ በሞቃቱ ወቅት እየዘፈናችሁ የወጣችሁት አላችሁ፣ በቁምጣ የወጣም አለ፣ ማን እንደሆነ አልናገርም ራሱን ያውቃል፣ ይኸው እየሳቀ ነው። «እሱን እኮ አውቀዋለሁ» ብላችሁ እንዳትመጡ። አታውቁትም። መንገዱ ተሸፍኗል፣ ድንጋዩ ተሸፍኗል፣ ያረፍንባት ጅረት ራሷ በረዶ ስር ናት፣ ቀኑ አጭር ነው፣ ቦርሳው ከባድ ነው።

ዛሬ ብዙ ነገር አነሳለሁ፣ ስለ ንፋስ፣ ስለ ላብ፣ ስለ በረዶ ናዳ፣ ስለ መመለስ፣ ሁሉም ውስጥ ግን አንድ ነገር ስደጋግም ታገኙኛላችሁ እና ከወዲሁ ልንገራችሁ። አፍ አውጥታችሁ ተናገሩ። በረዶ ላይ ክለብን የሚያስቸግረው ደካማ ሰው አይደለም፣ ደካማ ሰው ካለ ቀስ እንላለን አለቀ። የሚያስቸግረው ዝም ያለ ሰው ነው። እግሩ ውስጥ ውሃ ገብቶ ዝም ያለ፣ ጣቱ አልሰማ ብሎት ዝም ያለ፣ ዳገቱ አላማረውም ግን «ሌሎቹ ያውቁ የለ እንዴ» ብሎ ዝም ያለ። ለምንድነው ዝም የምንለው? ሰው ላለማስቸገር አይደል? ይሉኝታ አይደል? እኔም ይሉኝታ የምወድ ሰው ነኝ፣ ሰርግ ቤት ጥሩ ነገር ነው፣ በረዶ ላይ ግን ቤታችሁ ትታችሁት ኑ።

አንደኛ፣ ንፋስ። ከንፋስ የምጀምረው ሁሉም ሰው የሚያየው ቴርሞሜትሩን ስለሆነ ነው። አየሩ በየ1000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል፣ ስለዚህ መኪና ያቆምንበት ቦታ 2 ዲግሪ ቢሆን 900 ሜትር ሽቅብ ከወጣን በኋላ ከዜሮ በታች 4 አካባቢ ነን ማለት ነው። «ይሄማ ምን አላት» ትላላችሁ። እውነት ነው ንፋስ ከሌለ ምንም አይደለችም፣ ፀሐይ ካለማ ጃኬት አውልቀን ፎቶ እንነሳለን። ከዜሮ በታች 5 ላይ ግን በሰዓት 50 ኪሎሜትር የሚነፍስ ንፋስ ሲጨመርበት የተገለጠ ቆዳችሁ የሚደርስበት ብርድ ከዜሮ በታች 15 ላይ እንደቆመ ሰው ነው። ይሄን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የለኩት ፖል ሳይፕል እና ቻርልስ ፓሰል የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ አንታርክቲካ ላይ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ዕቃ ከቤታቸው ጣራ በላይ ሰቅለው ውሃው ስንት ደቂቃ ቆይቶ በረዶ እንደሚሆን እየቆጠሩ። አሁን ትንበያ ላይ የምናየው ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2001 የተሻሻለው ቀመር ነው። ከቁጥሩ በላይ ደግሞ ግፊቱ አለ፣ የንፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋችሁ ኃይል አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፣ እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ! ለዛ ነው የተራራው ትከሻ ላይ ደህና ሲያወሩ የነበሩ ሰዎች ሸንተረሩ ላይ እግራቸውን ከፍተው በርከክ ብለው የሚታዩት።

ስለዚህ ትንበያ ስታዩ መጀመሪያ ንፋሱን፣ ቀጥሎ ንፋሱ ከየት አቅጣጫ እንደሆነ እዩ፣ ዲግሪውን መጨረሻ ላይ። አቅጣጫው ለምን እንደሚያስፈልግ ናዳ ጋ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛ፣ ላብ። አዎ ላብ! በረዶ ላይ ሰው የሚበርደው ከላይ በወረደው ብቻ አይደለም፣ ከራሱ በወጣው ውሃም ነው። ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል አፍጥኖ ነው ከገላ የሚወስደው። አዲስ ሰው ምን ያደርጋል፣ ጠዋት ከመኪና ሲወርድ ብርድ ስለሚለው ያለውን ሁሉ ይደርባል፣ ሃያ ደቂቃ ሽቅብ ሲወጣ ይጠመቃል፣ ጫፍ ላይ ሲቆም ያ ሁሉ ላብ ጀርባው ላይ ይቀዘቅዛል። ጥጥ ከለበሰ ደግሞ በቃ፣ ጂንስ የለበሰማ ጭራሽ አይነሳ። ሱፍ ወይ ሲንተቲክ ከውስጥ፣ መሃል ላይ ሞቅ ያለ ነገር፣ ከላይ ንፋስና እርጥበት የማያስገባ፣ ይሄን ሁላችሁም ሰምታችሁታል አልደግመውም። የምለው ይሄን ነው፣ ትንሽ እየበረዳችሁ ጀምሩ። ትንሽ እየበረዳችሁ! እና ከአስር ደቂቃ በኋላ መሞቅ ስትጀምሩ «ቁሙልኝ ልብስ ላውልቅ» በሉ።

እዚህ ጋ ነው ችግሩ። ማን ነው «ቁሙልኝ» የሚለው? ገና መጀመራችን ነው፣ ሁሉም ግለት ላይ ነው፣ አንድ ሰው ተነስቶ ቁሙ ሲል ሃያ ሰው ሊያየው ነው። ስለዚህ ዝም ይላል። ይልበዋል። ይሄ ዝምታ የሚያስከፍለው ሁለት ሰዓት ቆይቶ ነው፣ ያኔ ደግሞ ማንም ምክንያቱን አያስታውሰውም፣ «እሷ ብርድ አትችልም» ይባላል። ብርድ ሳትችል ቀርታ አይደለም፣ ጠዋት ማስቆም አፍራ ነው። ቅዳሜ መሪዎቹ ራሳቸው ከአስር ደቂቃ በኋላ ያስቆማሉ፣ ግን መሪ ሁሉን አያይም፣ እናንተም በሉ።

ሶስተኛው ነጥብ ዛሬ ትንሽ ረዘም አድርጌ የማወራው ነው፣ ብርድ ሲገባ ሰው ምን እንደሚሆን።

የገላችን የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሃይፖተርሚያ ይባላል። መርፌ የለም ደም የለም፣ ተራራ ላይ በምን ታውቃላችሁ? በአራት ነገር ታውቃላችሁ። ይሰናከላል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ እጁ ነገር ይስታል፣ ይነጫነጫል። በተለይ አራተኛዋን ልብ በሉ፣ ምክንያቱም ነጭናጫ ሰው ሲገጥመን እንቀየማለን እንጂ ታሟል አንልም። ጨዋታ የሚወድ ሰው ድንገት ዝም ካለ ደግሞ ያው ነው።

አንድ ወንድማችን ነበረ፣ አሁን ሌላ አገር ሄዷል፣ ከኔ ጋር ብዙ ወጥቷል፣ ቀልዱ አያልቅም፣ ሽቅብ ሲወጣ እንኳ ትንፋሹን ለቀልድ ነው የሚያስቀምጠው። አንድ ቀን ሸንተረር ላይ ነን፣ በረዶ በአግድም እየመጣ ፊታችንን እየገረፈን፣ እሱ ከፊቴ ነው። ዝም አለ። መጀመሪያ ደስ አለኝ እውነቱን ለመናገር፣ ጆሮዬ አረፈ ብዬ። ከዛ ስንቆም የቦርሳውን የደረት መቆለፊያ ሊፈታ ሞከረ፣ ያቺ በሁለት ጣት ጫን ስትደረግ ቀጭ ብላ የምትከፈተዋን ፕላስቲክ ታውቋት የለ? በጓንት ሞከረ አልሆነም፣ ጓንቱን በጥርሱ ጎትቶ አወለቀና በባዶ እጅ ሞከረ፣ አውራ ጣቱ እያንሸራተተ ያልፋታል። ጓንቱ ወድቆ ንፋስ ይዞት ሊሄድ አንዱ ረግጦ ያዘው፣ እሱ ጓንቱ መውደቁንም አላየም። «ደህና ነህ?» አልኩት። «ደህና ነኝ።» «እርግጠኛ ነህ?» «ደህና ነኝ አልኩህ እኮ!» ብሎ ተቆጣኝ። እሱ! ተቆጥቶ የማያውቅ ሰው! በቃ ያኔ ነው የገባኝ።

ምን አደረግን? አልተከራከርንም። ለክርክር አትቁሙ፣ ብርድ የገባው ጭንቅላት የሚሰጣችሁ መልስ መልስ አይደለም። የቡድን መጠለያዋን አወጣን፣ ያቺን ምሰሶ የሌላት ከላይ ጎትተን ሁላችን ስር የምንቀመጥባትን ጨርቅ፣ መሃል አስቀመጥነው፣ ቦርሳ ከስሩ አደረግንለት በረዶው ላይ እንዳይቀመጥ፣ እርጥቡን አውልቆ ደረቅ ጓንትና ደረቅ ሹራብ፣ ከፔርሙዝ ትኩስና ስኳር የበዛበት ነገር። ከአንድ ሩብ ሰዓት በኋላ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ መንቀጥቀጡ ጥሩ ነው አትፍሩት፣ ገላ ሙቀት እየሰራ ነው። የሚያስፈራው በጣም የበረደው ሰው መንቀጥቀጡን ሲያቆም ነው፣ ሳይሞቀው ካቆመ አቅሙ አልቋል ማለት ነው፣ ያኔ እያስኬዳችሁ ላሙቀው የለም፣ በጀርባው አስተኝታችሁ ከበረዶው ለይታችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ይዛችሁ፣ እርዳታ ጠርታችሁ መጠበቅ ነው። አልኮል አይሰጥም፣ የቆዳን የደም ስር ከፍቶ የውስጡን ሙቀት ነው የሚያስወጣው። እጅ እግር ማሸትም የለም።

የዛን ቀን ጫፍ አልወጣንም፣ ተመለስን። ታች ስንደርስ ቀልዱ ተመለሰለት፣ ሙሉ መንገድ ሲያበሽቀን ዋለ፣ «ለአንድ ጓንት ብላችሁ አስመለሳችሁኝ» እያለ።

ሌላው ፊት ነው። የበረዶ ቁስል፣ ፍሮስትባይት የሚባለው፣ መጀመሪያ ሲመጣ አያምም፣ መደንዘዝ ነው። አፍንጫ ጫፍ፣ ጉንጭ አጥንት ላይ፣ ጆሮ። የራሱን ጉንጭ ማየት የሚችል ሰው አለ እዚህ? የለም። ክለባችን ውስጥ አንድ ታላቅ ሰው ነበሩ፣ ጋሼ እንላቸው ነበር፣ በእያንዳንዱ እረፍት ላይ በየተራ እየዞሩ «እስቲ ፊትሽን አሳይኝ፣ እስቲ ፊትህን» እያሉ መነጽር አስወልቀው ያዩን ነበር፣ እኛ እንስቅባቸው ነበር። አንድ ቀን አጠገቤ የነበረችውን ልጅ አዩና ዝም ብለው ጓንታቸውን አውልቀው መዳፋቸውን ጉንጯ ላይ አሳረፉ። ሳንቲም የምታክል ነጭ ቦታ ነበረች፣ ሻማ የተንጠባጠበባት የምትመስል፣ ዙሪያዋ ቀይ ሆኖ እሷ ብቻ የነጣች። ልጅቷ እየሳቀች ታወራን ነበር እኮ፣ ምንም አልተሰማትም! መዳፋቸው ስር ትንሽ ቆይታ ቀላች፣ ከዛ ቆጠቆጣት፣ አለቀ። በረዶ ወስዶ ማሸት የሚባል የድሮ ምክር አለ፣ እባካችሁ እንዳታደርጉት፣ የቆሰለ ቆዳ ላይ አሸዋ ወረቀት ነው። ጣት እስከ ውስጥ በረዶ ሆኖ ከደረቀና መልሶ ሊቀዘቅዝ የሚችል ከሆነ ደግሞ ተራራው ላይ አታሙቁት፣ ቀልጦ ድጋሚ በረዶ መሆኑ ጉዳቱን ያባብሰዋል፣ ታች አውርዱት።

ቅዳሜ በጥንድ በጥንድ ነው የምንሄደው። ጥንዳችሁን ፊቱን እዩ፣ ስሙን ጠርታችሁ አውሩት። «ደህና ነህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ መልሱን እናውቀዋለን። «ጣትህ ይሰማሃል ወይ? አውራ ጣትህን ከትንሿ ጣት ጋር አገናኝልኝ» በሉት። ካቃተው ንገሩን።

ዕቃ ላይ አልቆይም፣ ዝርዝሩ ተልኮላችኋል። ሁለት ነገር ብቻ። ክራምፖን፣ ያ ጫማ ስር የሚታሰረው ባለ ጥርስ ብረት፣ የሚታሰረው ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ሳትፈልጉት በፊት ነው፣ ሰው ግን ጠጣር በረዶ የሆነው ዳገት መሃል ደርሶ መንሸራተት ሲጀምር ነው የሚያስታውሰው፣ ያኔ በአንድ እግር ቆሞ ብረት ሊያስር ነው እንግዲህ። «እኔ እዚህ ጋ ማሰር እፈልጋለሁ» በሉ፣ ሌላው ባያስርም። የበረዶ መጥረቢያው ደግሞ ቦርሳ ላይ ለፎቶ አይደለም፣ በተራራው በኩል ባለው እጃችሁ ነው የሚያዘው፣ ሾጣጣው ወደኋላ። ከወደቃችሁ በሆዳችሁ ተገልብጣችሁ የመጥረቢያው ራስ ትከሻችሁ ስር፣ ደረታችሁን ጭናችሁበት ሾጣጣው በረዶውን እንዲነክስ፣ ክራምፖን ካሰራችሁ እግራችሁን ከፍ፣ ጥርሱ በረዶ ከያዘ ገልብጦ ነው የሚጥላችሁ። ይሄ በወሬ አይገባም፣ ቅዳሜ ጠዋት ታቹ ለስላሳ የሆነ ድንጋይ የሌለበት ተዳፋት ላይ ሁላችንም እንንሸራተታለን፣ ታላላቆቻችንም ጭምር፣ ሱሪ ይቆሽሻል ማለት የለም።

አራተኛ፣ ናዳ። እዚህ ጋ ዝም በሉና አዳምጡኝ። አብዛኛው ናዳ የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ተዳፋት ላይ ነው፣ ከዛ በታች ከሆነ በረዶው ብዙ ጊዜ አይንሸራተትም፣ በጣም ቀጥ ያለ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ትንሽ እያለ ስለሚራገፍ አይከማችም። ያ መሃሉ ነው እንግዲህ፣ የሚያሳዝነው ደግሞ ለመውጣት ደስ የሚለውም ያው ነው። ንፋስ ከየት እንደሚነፍስ እዩ ያልኳችሁ ለዚህ ነው፣ ንፋሱ ከሚመታው ጎን በረዶውን ጠርጎ በሸንተረሩ ማዶ በተከለለው ጎን ላይ ይቆልለዋል፣ ሰማይ ሳይጥል እንኳ! ጥርት ባለ ቀን፣ አዲስ በረዶ ሳይወርድ፣ ንፋስ ብቻውን ማዶው ላይ ጠፍጣፋ ንጣፍ ይሰራል፣ ያ ንጣፍ ከስሩ ካለው ጋር አልተጣበቀም። የሸንተረሩ ጫፍ ላይም ወደ ባዶው የተንጠለጠለ በረዶ ይሰራል፣ ከላይ ስታዩት መሬት ይመስላል፣ ስሩ አየር ነው፣ ስለዚህ ወደ ጫፍ ሄዶ ቁልቁል ማየት የለም።

የናዳ አደጋ መጠን ከ1 እስከ 5 ነው የሚነገረው፣ አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አንድ አይነት ሚዛን ነው። ሰው 3 ሲባል «መሃል ናት፣ ደህና ናት» ይላል። ብዙ ሰው የሚሞተው በ3 ነው። 5 ሲሆን ማንም አይወጣማ! ሌላ ነገር ልንገራችሁ፣ ሰው ከሞተባቸው ናዳዎች ውስጥ 90 ከመቶ የሚሆኑትን የቀሰቀሰው ራሱ ተጎጂው ወይም አብሮት ያለ ሰው ነው። ከላይ መጥቶ አገኘን አይደለም፣ ረግጠነው ነው።

ኢያን ማካሞን የሚባል አሜሪካዊ ከ700 በላይ የናዳ አደጋዎችን መርምሮ ነበር፣ ብዙዎቹ ላይ ምልክቱ ፊት ለፊት እየታየ ነው ሰዎቹ የገቡት። ስልጠና ያልነበራቸው ናቸው ትሉ ይሆናል። የሰለጠኑም አሉበት፣ እንዲያውም የሚያውቁት ቦታ ላይ ሲሆን የሰለጠነውና ያልሰለጠነው የሚገቡበት አደጋ እኩል ሆኖ አገኘው። «ይሄን ቦታ ስንቴ ሄደንበታል» ሲባል ስልጠናው ይረሳል። ወይም አንዱ ጎበዝ ተብሎ ፊት ይሄዳል፣ ሌላው ይከተላል፣ የፊተኛው «ካልተቃወሙኝ ልክ ነው» ይላል የኋለኛው «እሱ ካልፈራ ልክ ነው» ይላል፣ ሁለቱም ሳይጠያየቁ ይገባሉ። ይሄ ነገር አይታያችሁም? የኔ ዘመዶች የመኪና መንገድ ሲጠፋባቸው ራሱ እንደዚህ ናቸው።

አንዴ እንዲህ ሆነ። ሰፊ ሜዳ የመሰለ ነገር አቋርጠን ወደ ተዳፋቱ እየተጠጋን ነው፣ የድሮዎቹ ከፊት ሆነን ወሬ ይዘናል። አንዲት አዲስ ልጅ፣ በረዶ ላይ የመጀመሪያ ቀኗ፣ ክራምፖኗን ያሰርኩላት እኔ ነኝ፣ ከኋላ «ይቅርታ፣ ይሄ ድምፅ ምንድነው?» አለች። ምን ድምፅ? «ከስሬ ውም አለ፣ መሬቱ ትንሽ ዝቅ ያለ መሰለኝ።» ሁላችንም ቆምን። ስንቆም አንዱ አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመደ፣ እኛም ሰማነው፣ የታፈነ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ፣ ከእግሩ ስርም ቀጭን ስንጥቅ መስመር ሠርታ ሮጠች። ይሄ ማለት ስር ያለው ደካማ ንጣፍ እየተደረመሰ ነው። ከዚህ የበለጠ ግልፅ ምልክት የለም። በመጣንበት ዳና ተመልሰን በሸንተረሩ ዞርን፣ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። አንዳንዱ አጉረመረመ።

ናዳው ወረደ ወይ? አልወረደም። እስክንሄድ ድረስ አልወረደም፣ ከዛ በኋላ አላየሁም። ብንሄድበት ይወርድ ነበር ወይ? ማንም አያውቅም፣ እኔም ማወቅ አልፈልግም። «ይቅርታ» ብላ መጀመሯ ግን እስከዛሬ ይገርመኛል፣ ሃያ ሰው ልታድን የምትችል ጥያቄ ይዛ ይቅርታ ትጠይቃለች!

ናዳ ከቀበረው ሰው ብዙው የሚተርፈው በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃ ውስጥ ከወጣ ነው፣ ከዛ በኋላ ዕድሉ በፍጥነት ይወርዳል። ስለዚህ የሚያወጣው አብሮት ያለው ሰው ነው፣ ሄሊኮፕተር አይደርስም። ቅዳሜ 30 ዲግሪ የሚደርስ ተዳፋት ያለበት መንገድ አንሄድም፣ መሪዎቹ በካርታ ለክተውታል፣ ግን ለክተውታል ተብሎ አይን አይከደንም።

አምስተኛ፣ አብሮ መሆንና መመለስ። እ.ኤ.አ. በ1971 ኖቬምበር ስኮትላንድ ኬርንጎርም የሚባለው ከፍተኛ ቦታ ላይ የተማሪዎች ጉዞ ነበር። ጠንካሮቹና ደከም ያሉት ለሁለት ተከፍለው ነው የሄዱት። ጠንካሮቹ መጠለያው ደረሱ። ሁለተኛው ቡድን በአውሎ ነፋስ ውስጥ መጠለያውን ማግኘት አቅቶት ሜዳ ላይ ሁለት ሌሊት አደረ። ስድስት ልጆች ሞቱ፣ አምስቱ 15 እና 16 ዓመት የሆናቸው ተማሪዎች፣ ስድስተኛዋ የ18 ዓመት ረዳት። ሄሊኮፕተር መጀመሪያ ያየው መሪዋን ነው፣ እርዳታ ልትጠራ በእጅና በጉልበቷ እየዳኸች። መከፈላቸው ብቻ ነው ያጠፋቸው አልልም፣ የአየሩ ነገር ነበረ፣ የልጆቹ እድሜ ነበረ፣ ብዙ ነገር ነበረ። ግን ይሄን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ «ጎበዞቹ ቀድማችሁ ሂዱ» የሚል ነገር ከአፌ አይወጣም። ቅዳሜ የቡድኑ ፍጥነት የመጨረሻው ሰው ፍጥነት ነው። የመጨረሻው ሰው ከሆንክ አትፈር፣ አንተ ነህ ሰዓታችን።

ስለ ሰዓት ካነሳን፣ ዊልያም ናይስሚዝ የሚባለው ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣት ስሌት አለች፣ አሁንም ትሰራለች፣ በአምስት ኪሎሜትር አንድ ሰዓት፣ በእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ላይ አንድ ሰዓት ጨምሩ። 12 ኪሎሜትርና 900 ሜትር ሽቅብ ከሆነ አራት ሰዓት አካባቢ። ይሄ ግን ደረቅ መሬት ላይ፣ እረፍት ሳይቆጠር ነው። በረዶው ጉልበት ድረስ ከሆነ እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ ፊት ሆኖ በረዶውን እየሰበረ የሚሄደው ሰው ደግሞ ከሁሉም ቶሎ ይደክማል፣ በየተራ ነው የምንሆነው፣ «እኔ አልደከመኝም» የለም። የስኮትላንድ ተራሮች ላይ ዲሴምበር መጨረሻ ብርሃኑ ሰባት ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ እስቲ አስሉት።

ተራራ ትልቅ መሆን የለበትም ደግሞ። እዛው ስኮትላንድ ያለው ቤን ኔቪስ 1345 ሜትር ነው፣ ስንቱ ሰው ከዛ ከፍ ብሎ ነው የሚኖረው! ግን ጫፉ ላይ ደመናና በረዶ ሲገናኝ ሰማይና መሬት አንድ ነጭ ይሆናል፣ እግራችሁ የቆመበትን አታዩም፣ በአንድ በኩል የሰሜኑ ገደል አለ በሌላው ፋይቭ ፊንገር የሚባለው ሸለቆ፣ ስለዚህ ሰዎች ከጫፉ ሲወርዱ ኮምፓስ ይዘው እርምጃ እየቆጠሩ 150 ሜትር በአንድ አቅጣጫ ይሄዱና ከዛ ዞረው በሌላ አቅጣጫ ይወርዳሉ። እርምጃ እየቆጠሩ! ስልክ አለኝ የምትሉ፣ ስልክ ብርድ ላይ ባትሪው ቶሎ ይሞታል፣ ደረታችሁ ውስጥ ያዙት፣ ኮምፓስ ስታዩ ደግሞ አርቁት፣ መርፌዋን ያሳስታታል።

የቅዳሜው ስምምነታችን እንዲህ ነው። እኩለ ቀን ሲሆን የትም ብንሆን እንመለሳለን፣ ጫፉ ሃምሳ ሜትር ቢቀረውም። ማንም ሰው፣ አዲስም ቢሆን፣ ከዛ በፊት «ልመለስ» ካለ ምክንያት አይጠየቅም፣ ልምድ ካላቸው ሁለት ሰዎች ጋር ይወርዳል፣ ብቻውን አይወርድም። ምክንያት አይጠየቅም ያልኩት ሆን ብዬ ነው፣ ምክንያት ከጠየቅን ይዋሻል፣ «ጉልበቴን ትንሽ» ምናምን ይላል። ጫፉ ላይ አብረን ሆነን የሚያሰጋ ነገር ከመጣ ደግሞ እጅ አውጥተን ድምፅ አንሰጥም፣ አንድ ሰው ከተቃወመ ይበቃል።

እዚህ ያሉ አንድ ታላቃችን እጅ አወጡ፣ አዎ ይናገሩ... ጥያቄው «አንዱ ፈሪ ሃያ ሰው ሊያስመልስ ነው ወይ» ነው። አዎ። ሊያስመልስ ነው። ተራራው ለሚቀጥለው ወር አለ፣ መሄጃ የለውም።

ፊሽካ ሁላችሁም ያዙ፣ ቦርሳ ውስጥ አይደለም ማንገቻው ላይ። በደቂቃ ስድስት ጊዜ ንፉ፣ አንድ ደቂቃ ዝም በሉ፣ ድገሙ። መልሱ ሶስት ነው። በራስ ባትሪ ብርሃንም ያው ነው።

ሌላስ... የፀሐይ መነጽር፣ ደመናም ቢሆን፣ አዲስ በረዶ የፀሐዩን አልትራቫዮሌት 80 ከመቶ ያህል መልሶ ወደ አይን ነው የሚወረውረው። ሁለት ጥንድ ጓንት፣ ኧረ ሶስት። በቃ።

የመጠለያዋን ጨርቅና ትልቁን የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ የሚይዙትን፣ መጨረሻ ላይ የሚሄዱትን ሁለት ሰዎች አሁን እንመርጣለን፣ ጥንዶቹንም እናነባለን፣ ከማትፈልጉት ሰው ጋር ከተመደባችሁ አሁኑኑ ንገሩን መቀየር ይቻላል። ከዛ ክራምፖን ያልሞከራችሁ የምትወጡበትን ጫማ ይዛችሁ ወደዛ በስተቀኝ ወዳለው ጥግ ኑ፣ ጫማችሁ ተጣጣፊ ከሆነ አይያዝላችሁምና ዛሬ ብናውቀው ይሻላል። ጓንት አድርጋችሁ ነው የምታስሩት፣ በባዶ እጅ ማሰርማ ማንም ይችላል።